ያልተፈታ

በሱር ወደብ ዳርቻ፣ ገመድ ሠሪው ሙሀና
ሕልም ይፈታ ነበር፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ገና
ቃጫ ጣቱን ሳይበላው፣ ከሱብሒ ሲመለስ።
እኔ ጫፍ ያዥ ነበርኩ፣ ገምዶ እስኪጨርስ፤
እሱ ወደ ኋላ እየሄደ ያከርራል፣ እየራቀ፣
እኔ እንዳይላላ እጎትታለሁ፣ ክንዴ እየደቀቀ።

ሰዉ ይመጣል፦ ጥርሱ መዳፉ ላይ የረገፈ፣
ያለ ክንፍ ከሚናራው ጫፍ የከነፈ፣
የሞተች እናቱ እርጥብ ዓሣ ያቀበለችው።
ሙሀና ግን አስቀድሞ ሌላ ነው የሚጠይቀው፦
«ማታ ምን በላህ? በየትኛው ጎንህ ተኛህ?
ውዱእ ነበረህ? ለማንስ አወራህ?»

«ሦስት ነው» ይላል «የሌሊት እንግዳ።
አንዱ ከአላህ ነው፣ ይመጣል ያለ ዕዳ።
አንዱ የሸይጣን ነው፤ ወደ ግራህ ሦስቴ እንትፍ በል፣
ጎንህን ገልብጥ፣ ለማንም አታውራ፣ ብቻውን ይሞታል።
ሦስተኛው የራስህ ነው፤ የዋልክበት ፍርፋሪ፣
ቀን ሳታኝክ የዋጥከው፣ ማታ በሆድህ ዟሪ።»

ከዚያ ሸምሳ መጣች።
ባሏ ኸልፋን ተምር ሊጭን በስራ እንደ ሄደ፣
የመመለሻው ነፋስ ሦስት ዓመት ባዶውን ነጎደ።

«አየሁ» አለች፣ የሻሿን ጫፍ ነክሳ፤
«የቤቴ በር ከመቃኑ ተነቅሎ ተነሣ፣
ባሕሩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ፋኖሴ በላዩ፣
ማዕበል አላጠፋውም፤ ራቀ፣ ዓይኖቼ እያዩ።
እኔ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ፤ ደጅ ግን የለኝም፤
በየት እንደምገባ፣ በየት እንደምወጣ አላውቅም።
ፍታልኝ።»

ሙሀና አንዲት ቃጫ ከጢሙ ለቀመ።
«ደግ አይተሻል፤ ደግ ይሁን።»
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»
«ይሄንንማ ጎረቤቴም ትለኛለች፣ ዓሣ እየከተፈች!»
«ሂጂ ልጄ። ሕልም በወፍ እግር ላይ ተንጠልጥላለች፤
ካልፈቷት አትወድቅም። እኔ አልጥላትም።»

ሰባት ሐሙስ ተመላለሰች።
አንዴ ሐላዋ ይዛ፣ አንዴ ባዶ እጇን፣ አንዴ በንዴት ጠቁራ፦
«ለባለ ግመሉ ለሙሰለም ፈትተህለታል፣ ግመሉ ሲያወራ!
የኔ በር ከግመል ያንሳል?»
ዝም። ያከርራል። ገመዱ መዳፌ ውስጥ ይነዝራል።

ጉድጓድ ዳር ሴቶቹ ሊፈቱላት ተሽቀዳደሙ፤
አንዷ «በር ባል ነው»፣ አንዷ «መብራት ልጅ ነው» እያሉ ሲያሙ፣
እንስራዋን ጥላ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ሮጠች።
ከእሱ አፍ ብቻ ነበር የፈለገች።

አንድ ማታ ጠየቅሁት። ቃጫውን በምራቁ አርሶ ቆየ።
«ሚስት ነበረችኝ» አለ «ዙወይና።
አንድ ሌሊት አየች፤ ቀለበቷ ጉድጓድ ገብቶ፣ ጉድጓዱ ሲስቅባት።
ጎረምሳ ነበርኩ፤ ምላሴ ከልቤ ይቀድማል፤
ዳቦ እየቆረስኩ ‹መለያየት ነው› አልኳት።
ሕልሟን ፈታሁላት።
ዓመት ሳይዞር፣
እሷንም ፈታሁ።»

ሕልሙ ነው የለያያችሁ ወይስ አፍህ? አላልኩም፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሰባ ሁለት አልፎኝ
ብጠይቅ፣ የሚመልስ የለም።

ኸልፋን አልመጣም። መርዶውም አልመጣም።
ቃዲው አራት ዓመት ቆጥሮ «በቃሽ፣ እንፍታሽ» ቢላት፣
«ሕልሜ ሳይፈታ» አለች «እኔን ማን ይፈታኛል?»
በሯን ሰማያዊ ቀባች፤ ፋኖሷን መቃኑ ላይ ሰቀለች፤
ጋዝ ጎድሎባት አያውቅም፣ እስከ ሞተች።
ከሰፈሩ ግማሹ፦ «ያ ሽማግሌ አስሮ አስቀራት።»
ግማሹ፦ «አይ፣ እሱ ነው ያኖራት።»
ሁለቱንም አምናለሁ፣ እንደ ቀኑ።

ትናንት፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል፣ አየሁት በሩን፤
ቀለሙ ተልጦ፣ ጨው ለብሶ፣ ወደ ዳር ሲመጣ፣
ፋኖሱ እንደበራ፤
ከላዩ አንዲት ወፍ፣ በአንድ እግሯ ቆማ።
ነቃሁ። ወደ ግራዬ አልተፋሁም።
ሕልም የሚነገረው ለሚወዱት ሰው ነው፤
የምወዳቸው ሁሉ አሸዋ ተጭኗቸዋል።
ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣
ጫፉን ይዤ፣
እንዳይላላ።