ወሯ ለገባው ለደምሰው

ስማኝማ ደምሰው፣
ወሯ ገባ ብሎ ነገረኝ ያገር ሰው።
ምክር አትበለው፤ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣
ያላየሁትን ሐኪም ይንገርህ።

ፊተኛዋ ልጄ ስትወለድ እኔ የት ነበርሁ?
አጥር ጥግ፣ ከወንዶች ጋር፣ ስለ ገብስ ዋጋ አወራሁ።
ሦስት እልልታ ሰማሁ። ሴት ናት አሉኝ። ሳቅሁ።
ወርቅያንሷት ግን ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደጠራችኝ
ዓመት ቆይታ ነው የነገረችኝ፣
የበግ ፀጉር ስትፈትል፣
ቀና ሳትል።

በሁለተኛው፣ አሥር ቀን ቀድመን መሐል ሜዳ ገባን፤
እሷን ጤና ጣቢያው ማቆያ፣ እኔን ዘመድ ቤት፤ ጠበቅን።

ምጥ እንደ ደራሽ ውኃ ባንዴ ጠራርጎ አይወስድም፤
ይመጣል፣ ይመለሳል፤ እስኪጠና አይቸኩልም።
በስልክህ ሰዓት ያዝ፣ ካንዱ እስካንዱ ያለውን፤
አዋላጇ ስትጠይቅህ ግምት አትንገራት፤ ቁጥሩን።

"በሩን ምን ያስጠብቅሃል? ግባ!" አለችኝ ሲስተር እናኑ።
ጫማዬ ጭቃ ነው አልኋት።
"አውልቀው፤ እጅህንም ታጠብ፣ አሁኑኑ።"

የገረመኝ ይሄ ነው፤ እጄ ሥራ ነበረው።
ከወገቧ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ አጥንት አለ፤ እዚያ ላይ ነው፣
በመዳፍህ ግርጌ፣ እሺ ካለችህ፣
ድንጋያማ ማሳ ላይ ዕርፍ እንደምትጫነው አድርገህ።
ሲመጣ ጠንከር፣ ሲሄድ ላላ።
ክንዴ ዛለ፤ እሷ ግን "እዚያው፣ እዚያው" ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም ሌላ።

ደግሞ "አትንካኝ!" ትልሃለች፤ ተዋት፣ እጅህን አንሣ፣
ከክፍሉ ግን አትውጣ፤ "የት ሄድህ?" ትላለች ወዲያው፣ የፊቱን ረስታ።
ስድብም አለ፤ አባትህን ጭምር ይነካል።
አትመልስ፤ ከእንግዴ ልጁ ጋር አብሮ ይወጣል።

"አይዞሽ" አታብዛ። እኔ አብዝቼ ነበር፤
"አንተ ነህ ወይ የምታምጠው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ
ውኃ በማንኪያ፣ ዝምታ፣ ትንፋሿን መቁጠር።

ደም ታያለህ። በግ ያረድህ ሰው ነህ፤ ይሄ ሌላ ነው።
ራስህን ካዞረህ ቁጭ በል፤
አንዲት አዋላጅ ናት፣ ሌላ ሥራ አትሁናት አንተው።

ወደ ንጋት፣ "አልቻልሁም፣ ቤቴ ውሰደኝ" አለች።
እኔ ልቤ ወረደ፤ ሲስተር እናኑ ግን
"እንዲህ ካሉ ደርሷል" ብላ ጓንቷን ለወጠች።

ልጁ ሲወጣ ወዲያው አላለቀሰም።
በፎጣ ጀርባውን አሹት። ጊዜው አጭር ነው ይላሉ፤ እኔ አላምንም።
ከዚያ ጮኸ።
ደረቷ ላይ አደረጉት፤ ጋቢዬ ለሁለቱ በቃ።
ውጭ እልልታው ሰባት ይሁን ስንት፣ አልቆጠርሁም፤ እንዲያው ስነቃ
ግንቡን ተደግፌ፣ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ።

ወርቅያንሷት ስለዚያ ሌሊት ለሴቶች ስታወራ
ስሜን አትጠራ።
"ወገቤ ላይ እጅ ነበረ" ትላለች።

በል፣ የአምቡላንሱን ቁጥር ዛሬውኑ ያዝ፤ ስልክህን ቻርጅ አድርግ፣
መብራት ሲመጣ አትዘናጋ።
ካልሲም ያዝላት፤ የጓሳን ነፋስ ታውቀዋለህ፣
ወፍራሙን፣ ከበጋ እስከ በጋ
የማታወልቀውን።