አጽድቂ

ሐሙስ ሐሙስ ጀልባው ካስትሮ ሲጠጋ፣
ኦርፊሊያ ቀድማ፣ ክረምት አይል በጋ፣
የባሕር አረም ጠረን ከሹራቧ ሳይለቅ፣
ቁና ቁና ተንፍሳ ወንበሬ ላይ ስትወድቅ፣
«ልቤ እንዴት አደረች?» ብላ ትጠይቃለች፤
«አንቺ ነሽ የምታውቂው» ስላት ትስቃለች።
ከቦርሳዋም ድንች፣ ጣት ጣት የሚያህል፣
መልኩ ወይን ጠጅ፤
«ላንቺ ነው፣ ለኮምፒዩተሩ አይደል!»

ጥናቱ የልብ ነው፤ አዲስ ክኒን፣ ሙከራ፤
ሁለት መቶ አርባ ሰው፣ ፈቅዶ ፈርሞ በተራ።
የቀረን ሕመምተኛ፣ ያልተለካን ትርታ
ከሳንቲያጎ የላኩት ማሽን በግምት ይተካል፤
ከጎኑ አረንጓዴ ቁልፍ ብቅ ይላል፦
«አጽድቂ»።

አንድ ሐሙስ ቀረች። ማዕበል ነው አልኩኝ።
«ሰባ ሁለት» አለ ማሽኑ። ተጫንኩኝ።
ሁለተኛው ሐሙስ፦ ሰባ አራት። ስልክ ይጮኻል፣
ወረፋው ረዝሟል፣ ሻዬም ቀዝቅዟል፤
ተጫንኩኝ።
ሦስተኛው፦ ሰባ አንድ። እንደ ኩሬ ውኃ የረጋ፤
መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ደስ እንዳለኝ አልዋሽም።

በአራተኛው ልጇ፣ ኤላዲዮ፣ መጣ፤
ብልቃጡን ከኪሱ ቀስ አርጎ አወጣ።
«የተረፈው ክኒን። የሰው ንብረት ነው ትል ነበር፣ ሁሌ።»
«እሷስ?»
«ቀበርናት» አለኝ፣ «ሦስት ሳምንት ሆናት።
ጀልባ ስትጠብቅ ወደቡ ላይ ጣላት።
ያዞረኛል ትል ነበር፤ አልነገረችሽም?»

ነግራኝ ነበር።
ኅዳጉ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በእርሳስ፤
ማሽኑ ኅዳግ አያነብም።

አስከሬን ሦስት ሳምንት በእጄ ተነፈሰ፣
ልቧ ቆሞ ሳለ ቁጥሯ ገሰገሰ።

«ግምቱ በደንቡ ነው» አለ ዶክተር ባስቲያስ፣
«አንድ ሰው ብትጎድል ውጤቱ አይናወጥም፤
ስህተቱም የማሽን።»
ማሽኑ ልብ ይለካል እንጂ ልብ አይልም።
ልብ ልትል የተቀጠረች እኔ ነኝ፣ ኢሶልዳ፤
የደሴቲቱ ቄስ ሳይፈታት ቀድሜ
በሦስት ጠቅታ ያጸደቅኳት እኔ።

ሌሊቱን ሦስቱን ሣጥኖች ከፍቼ
ባዶ አደረግኳቸው።
«ሞታለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ስሜን።
ሌላ ስልሳ አንድ አረንጓዴ ቀርቷል።
ነጋ። አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው።
አንዳንዱ ያነሣል።

መሳቢያዬ ውስጥ ድንቿ አቆጥቁጧል፤
እሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ጸድቋል።