ዐሥራ አንድ ብርሌ

ደብረ ሲና፣ መዝገብ ቤት፤ ቆርቆሮው በሚያንጠባጥብበት፣
አራት ወረቀት ዘርግቻለሁ፣ አራቱም ስለ አንዲት ሌሊት።
ነሐሴ ስድሳ ሦስት ነው፤ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ጠጅ ቤት፤
ሁለት ሰዎች ሊወሰዱ፣ ቤቱ ሙሉ «አይሆንም» ያለበት።

የፖሊሱ ቃል ይቀድማል፤ ማኅተም ነዋ ክብሩ፦
«ወንድና ወንድ ሆነው ሳሉ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ፣
ሁለቱን ነውረኞች ስይዝ፣» ይላል ሃምሳ አለቃ ዘውገ፣
«ሠላሳ ሰካራም ተነሥቶ ደሜን ለማፍሰስ ፈለገ።
ፊታቸውን አንድ በአንድ ከሃያ ክንድ ለይቻለሁ።»
እኔ ግን እዚህ ተወልጄ የነሐሴን ጉም አውቃለሁ፤
ከጣርማ በር ሲንከባለል ፋኖስ ይውጣል ከነመብራቱ፣
ሰው የገዛ እጁን ያጣል፣ ተዘርግቶ ከፊቱ።
ቀኑንም አየሁት፦ የተጻፈው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣
አለቃው ከደብረ ብርሃን ወርዶ «እንዴት አመለጡህ?» ሲለው።
ከሰባት ሰው ፊት መሸሽ ማዕረግ ያስገፍፋል፤
ሠላሳ ከሆኑ ግን ሽሽትም ሹመት ያጽፋል።

ሁለተኛው ጋዜጣ ነው፣ ከመዲናይቱ የታተመ፤
ሠላሳው ዳገት ሲወጣ አንድ ዜሮ ተሸከመ።
ሁለቱ ሰዎች ስም የላቸው፤ «በሽታ» ብቻ ተብለዋል፤
ከጎናቸው የብርድ ልብስ ማስታወቂያ ሰፊ ቦታ ይዟል።

ሦስተኛው የአውጫጭኝ ቃል፣ ከሾላው ሥር የተሰበሰበ፤
ሁሉም «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ ወፏን ግን ማን አቀረበ?
አንድ እማኝ ብቻ ወፍ አልጠራም፤ እንዲህ ይላል ወረቀቱ፦
«ርኩሰታቸው ምድር ከብዶ አየሁ በዐይኔ በብረቱ።»
ከግርጌው አውራ ጣት አለ፣ ሐምራዊ፣ ዳር ዳሩ የፈሰሰ፤
«እማኝ ሸንቁጤ» ይላል።
                    ወንበሬ ላይ ትንፋሼ አነሰ።

አባቴ ነው።

አባቴ ፊደል አይለይም፤ ሲናገርም ቃሉ አጭር ነው፤
ይህ የጸሐፊው ዜማ ነው፣ እሱ ጣቱን ብቻ ያበደረው።
ልጅ ሳለሁ፣ ስለዚያ ሌሊት አንድ ጊዜ ብጠይቀው፣
«ጉም ነበር» ብሎኝ ዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለው።

ቆይ ግን።
ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደል?
ሃምሳ አለቃውን በጉም ከሰስኩት፤
አባቴን በዚያው ጉም ሸፈንኩት።
ባንድ ጉም ሁለት ፍርድ።

አራተኛው ማንንም ለማሳመን አልተጻፈ፤
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ጠጅ ነክቶት የጎደፈ፣
የየሻሽወርቅ የዱቤ ደብተር፦
«ብርሌ የተሰበረ ዐሥራ አንድ። ወንበር ሁለት። የበር ማጠፊያ።
ጥላዬና እንዳሻው፣ በአንድ ሂሳብ፣ እንደ ወትሮው።»
ከዚያ ሂሳቡ ላይ መስመር፤ ዕዳው ተሰርዟል።

ዐሥራ አንድ እጅ ነበር ማለት ነው?
ወይስ አንድ የተቆጣ ሰው ዐሥራ አንድ ጊዜ?
አላውቅም። እሷም ብትሆን የጻፈችው የጎደለባትን ነው፤
ማን ማንን ደግፎ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ያ ዋጋ የለው።
«እንደ ወትሮው» ግን አምልጧት የወጣ ቃል ነው፤
መንደሩ ስንት ዓመት አውቆ ስንት ዓመት ዝም እንዳለ
ከዚች ቃል በቀር የነገረኝ የለ።

አምስተኛ ወረቀት የለም።
ጥላዬን የጠየቀ የለም፣ እንዳሻውን የጠየቀ የለም፤
ወደ ቆላው ወረዱ ይባላል። ማን እንዳለ አልተጻፈም።

ማኅደሩ ራሱ ላይ «ሁከት» ይላል፣ በቀይ፣ በደማቁ፤
መፋቅ ሥራዬ አይደለም፤ ይቆይ፣ ይዩት የሚያውቁ።
አንድ ባዶ ወረቀት ጨመርኩ፣ ቁጥር አምስት ብዬ።
«እምቢታ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ ከ«ሁከት» ጎን፤
ከሥሩም፣ በትንሹ፣ ለሚመጣው አንባቢ፦
«ይህን ያለው የእማኙ ልጅ ነው።»