ባዶ ቆጠራ

በሆላንድ ጠረፍ አንድ ወደብ፣ ዓሣ በሚሸጥበት ቤት፣
ዋጋ ከላይ ይነሣና ቁልቁል ነው የሚሄድበት፤
መቶ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ስምንት እያለ፣
ቀድሞ ቁልፉን የነካ ገዛ፣ የዘገየ ጾሙን ዋለ።

የሰዓቱን ሕግ የጻፈ፣ ሉበርት የሚሉት ሰው፣
የመረብ ጠጋኝ ልጅ ነበር፣ ዝምታ የሚቀናው።
ሞተ። ጽሑፉን ከነዲስኩ የምድር ቤት እርጥበት በላው፤
የቀረው አንድና ባዶ፣ ሰው አይቶ የማይፈታው።

ያን ለብቻው የሚያውቀው አንድ ያረጀ ቺፕ ነበር፣
አቧራ ጠግቦ የሚያስል፣ ከጨረታው አዳራሽ በር።
በጥቅምት አንድ ሌሊት ዝም አለ። አላጉረመረመም።
ዐይነቱን የሚሠራ ፋብሪካም ዛሬ የለም።

ቲትስኬን ጠሯት። መጣች፣ በጭቃ ጫማዋ እንዳለች፣
በአዲሱ ማሽን ሆድ ውስጥ አስተርጓሚ አስቀመጠች፤
የጥንቱ ትእዛዝ ሲመጣ በአዲሱ አፍ የሚመልስ፣
«ደምር» ሲሉት የሚደምር፣ ጠብታ ቃል የማያፈስ፣
ስሕተቱን እንኳ ሳያርም እንደ ወረደ የሚያደርስ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞከሩት። አርባ ኪሎ ጠፍጣፋ ዓሣ፣
የገዥዎች ጣት ቁልፍ ላይ፤ የሰዓቱ መርፌ ተነሣ —
ወደቀ። መቶው ባዶ ሆነ፣ ዐይን ሳይርገበገብ።
አርባ ኪሎ ዓሣ በነጻ! ማን ይክፈል? ማንስ ይሰብስብ?
የጀልባው ባለቤት ሄሰል ቆቡን ወለሉ ላይ ጣለ፣
«ይኼ ያንቺ ማሽን» አለ፣ «ከሌባ በምን ተሻለ?»

ማታ ብቻዋን ቀረች። የቁጥሩን ጫካ መነጠረች፣
አንድ ጥግ ላይ ሉበርትን አገኘችው፤ ቀጥ ብላ ቆመች።
«እስከ ስልሳ ሺህ ቁጠር። ምንም አትሥራ። ቁጠር።»
በዋጋና በዋጋ መሀል የተዘረጋ ባዶ አገር!
አዲሱ ስልሳ ሺሁን በአንድ ጉንጭ ዋጥ አደረገ፤
ጎበዝ ነዋ! መጠበቅን ማን ከሱ ፈለገ?

ሉበርት በባዶ ቆጠራ ገዥውን ጠበቀ፤
ሻጩንም ጠበቀ፤
ጽሑፉ በስብሶ እንኳ ልቡ ይኸው ታወቀ።

አልነካችውም። ያን ቃል እንደ ነበረ ተወችው፣
ለአስተርጓሚው ግን በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለችው፦
«እዚህ ስትደርስ ጉልበትህን ደብቅ፤ እንደ ሽማግሌ አዝግም፣
አንዱንም ሳታጓድል ቁጠር፤ ከእርምጃው አትቅደም።»

ማክሰኞ ዋጋው ወረደ። መቶ። ዘጠና ዘጠኝ። ዘጠና …
ጣቶች አሰቡ። አንዲቷ ሰባ ሦስት ላይ ነካችና
ዓሣው ተሸጠ። ሄሰል ጆሮውን ቀሰረ፤
«እሱ ነው» አለ፤ «ራሱ ነው። ሳሉ ብቻ ነው የቀረ።»