ዓይንሽን አትሺ

ሙትራ ወደብ ላይ፣ መርከቡ ሲበራ፣
ለኔ ብቻ ሁለት ናት፣ ያቺው ጨረቃ፤
አንዷ ከባሕሩ፣ አንዷ ከምናራ።
ለማንም አልነገርኩ።
ዓይነ ደካማ ሠራተኛ ማን ይቀጥራል ብዬ፣
ሲያሳክከኝ አሻለሁ፣ በመዳፌ፣ በሻሼ፣ በክንዴ፣
«የሙስካት አቧራ ነው» እያልኩኝ ለሆዴ።

የምጠብቃቸው እማማ ሸምሳ ግን
ሞራ ጋርዷቸዋል፣ ሁለቱንም ዓይን።
እጃቸውን ይዤ ሳዞራቸው በግቢው፣
«ጉም ነው» ይሉኛል፣ «የሰላላ ጉም ነው፣
ክረምቱ ሲያበቃ አገሩ ያልገባው።»

አንድ ቀን ሣጥናቸውን ስወለውል፣
ከብር አምባሩ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
ወረንጦ አገኘሁ።
ክው አልኩ።
እናቴም አላት እንዲህ ያለ፣ ከመቀነቷ የማይለይ፤
ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ በቅሎ
ብሌኗን እንደ እሾህ ሲፍቃት፣
ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ወጥታ የምትነቅልበት።

ዳበሱት። ለዩት። «የናቴ ነው» አሉ።
«ይህ ሁሉ መንገድ፣ ይህ ሁሉ መብራት ሳይመጣ፣
በኛም መንደር ዝንቡ ብዙ፣ ውኃው ብርቅ ነበር፤
እኔ ነበርኩ የምነቅልላት፣ ፀሐይ ስትወጣ።»
የነሱን ስም ነገሩኝ፣ የኛን ነገርኳቸው፣ «ወረንጦ»፤
ምላሳቸው አልችል ብሎ ሳቁ።
ያን ቀን እመቤትና ሠራተኛ አልነበርንም፣
ሁለት ወረንጦ ያዦች እንጂ።

ሩዊ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዶክተር ቢንዱ ዘንድ፤
የኬረላ ሴት ናት፣ ዐረብኛዋ እንደኔ የተሰበረ።
«የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተን የጠራ እንተካለን» አለች፣
ልጃቸው ኻሚስ በስልኩ ሒሳብ ጀመረ።
እኔ ከወንበሩ ጀርባ፣
የግድግዳውን ፊደል ልይ ብዬ፣
አንገቴን አዘንብዬ፣ አንድ ዓይኔን አጥብቤ...
«አንቺ» አለች። «ነይ ተቀመጪ።»

አገጬን ብረቱ ላይ፣ ግንባሬን ላስቲኩ ላይ።
ስክሪኑ ላይ ካርታ ወጣ፦
ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሐሉ ቀይ ጉብታ።
«የማን አገር ነው?» አልኳት።
«ዓይንሽ ነው» አለች፣ ሳቅ ሳትል።
«መስተዋቱ ሳስቷል፤ ሳስቶ ወደ ፊት ሾሏል፣
እንደ ጎጆ ጣሪያ። ኬራቶኮነስ።»
ስሙን ሦስቴ ደገመችልኝ፤
የግሪክ ነጋዴ ስም መሰለኝ።
«ብርቅ በሽታ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን እዚህ
ሳምንት አያልፍም ሳላይ።
ማሸቱ ያብሰዋል።
ዓይንሽን አትሺ።»

መድኃኒቱን ጠየቅኳት።
«ቢጫ ጠብታ አለ፣ ቫይታሚን ነው፤
በላዩ ብርሃን እናበራለን፣ የሳሳው ይጠነክራል።
የሄደውን አይመልስም፤
መሄዱን ግን ያስቆማል።»
ዋጋውን ስትናገር ቦርሳዬን ያዝኩ፣
ሊያመልጠኝ ይመስል።

የእማማ ሸምሳ ፋሻ በማግሥቱ ተነሣ።
መስኮቱን አላዩ፣ ልጃቸውን አላዩ፤
እኔን አዩ፣ ቆዩ።
«ልጅ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።
«በድምፅሽ ትልቅ ሴት ነበርሽ።»
ከዚያ ወደ ኻሚስ ዞረው፦
«የሷን ዓይን አሠራ።»
አጉረመረመ። ግማሹን ከፈለ፣
ግማሹን ከደመወዜ ቆረጠ።

አሁን ማታ ማታ እሳቸው ናቸው ጠብታውን የሚያደርጉልኝ፤
እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣
ሦስቱ ጉንጬ ላይ፣ አንዱ ዓይኔ ውስጥ።
ተራ በተራ እንንጋለላለን።

ለእናቴ እደውላለሁ፦ «ጤና ጣቢያ ሂጂ፣
ቆቡን ቀልብሰው ይሰፉልሻል።»
«መርፌ በዓይኔ? ወረንጦዬ ምን አጠፋ?»
ትልና ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራኛለች።
ነገም እደውላለሁ።

ሙትራ ላይ ጨረቃ አሁንም ሁለት ናት፤
ቆጥሬያታለሁ፣ ሦስተኛ የለችም።
ማሳከኩ ሲመጣ፣ እጄ ሲነሣብኝ፣
እቀመጥበታለሁ።