ያለ እጅ

«ፊትሽንማ አየነው፣ ቁመትሽስ የታለ?
ከደረትሽ በታች እውነት ሰው አለ?»
ብላ ጻፈች ትርንጎ።
እውነቷን ነው፤ እጄ አጥሮኝ
ክንዴ በደረሰበት ነው እስካሁን የተቆረጥኩት።

ትሪየስቴ ወደብ፣ ከመርከብ ማሰሪያው ምሰሶ፣
ስልኬ ቆመ፣ ግራ ጫማዬን ተንተርሶ።
አሥር ርምጃ ራቅሁ፣ ባንድ እግሬ እያነከስኩ።
መዳፍ ሲያይ ነው የሚያነሳው፤ ዘረጋሁለት፤
እጅ ሰጠሁ እንጂ ምን ልበል፣ ያለ ጦርነት።

ሦስት… ሁለት…
እጄን የት ላድርገው? ሥራ የፈታ እጅ ለካ ይከብዳል፤
ኪስ ሲገባ ይኮራል፣ ደረት ላይ ሲያርፍ ይሰግዳል።

ቦራ ይሉታል እዚህ ንፋሱን፤ እንደ ስሙም ፈረስ ነው፣
ስልኬን በሰኮናው ወደ ባሕሩ ገፋ አደረገው።
ሮጥሁ።
አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀድሞኝ ጎንበስ አለ።

ፎቶው ወጥቷል። እኔ የለሁበትም።
የተንጋደደ ሰማይ አለ፣
የጫማዬ ክር አለ፣
መሃሉ ላይ ጥፍሩ የጠቆረ፣ እርጥብ፣
የሽማግሌ እጅ አለ።

እንደዚያው ላክሁላት።
«ማነው እሱ?» እያለች ዛሬም ትጽፋለች፤
ቁመቴን ረስታለች።