ባለቤቱ ካልፈቀደ

ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነሥቼ፣
ጣርማ በር ላይ ጆሮዬን ለብርድ ሰጥቼ፣
ሞላሌ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ፣
የመሬት ቢሮው ደጅ በሰው ተከድኖ፣
«መጣ» አለች ትብለጥ፣ «የኮምፒዩተሩ ሰው፤
ክፈት እያልነው እምቢ ያለው ይኸው።»

ሰርቨሩ ጥጉ ላይ ዝተት ተከናንቦ፣
የወረዳውን ማሳ በሆዱ ሰብስቦ፣
ከአምስት ክፍል የመጣ አምስት ገመድ ይዞ፣
ተቀምጧል ሁሉንም ደጅ ላይ አደንዝዞ።

ትብለጥ ስሟን ጻፈች። የይለፍ ቃል ጻፈች።
«ልክ አይደለም» አላት።
ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ደገመች።
«ልክ አይደለም» አላት።
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስገባ ስወጣ፣
ዛሬ ስሜን ረስቶ ማነሽ ሊለኝ መጣ?»

ገመዱን ነካሁት፤ ደህና ነው ገመዱ፣
መብራቷ ትርገበገባለች፤ አልተዘጋም መንገዱ።
ቀና ብዬ ሰዓት አየሁ፦
የግድግዳው ሦስት ተኩል፣
የእጄም ሦስት ተኩል፣
የትብለጥ ኮምፒዩተርም ሦስት ተኩል።
ሦስቱም ተስማምተዋል። ጥፋቱም እሱ ነው።
«ሰዓቱን ማን ነካው?»
ውብእሸት ተላላኪው ደረቱን ነፋና፣
«እኔ ነኝ፤ በጠዋት ዘጠኝ ሲል አየሁና፣
ስድስት ሰዓት ዋሽቶ! ሁሉንም አቀናሁት፣
በየክፍሉ ዞሬ በፀሐይ ቃኘሁት።»

ምን ልበለው? ልክ ነው።
ሰርቨሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያድረው፤
ለዘገየ እንግዳ አምስት ደቂቃ ይታገሣል፣
ከዚያ ወዲያ የመጣን በሌባ ስም ይከሳል።
ዘጠኝ ተኩል አልኩት። ስሟን ጻፈች፤ ገባች።
ውብእሸት ፊት ላይ አንዲት ደመና አረፈች።

አንዱ በር ተከፈተ፤ ሁለተኛው ቀረ።
«የውርስ መዝገብ» የሚል ማህደር ነበረ፣
ስንነካው በቀይ እንዲህ ተናገረ፦
«ፈቃድ የለህም። ባለቤቱን ጠይቅ።»

ወረቀቷን በፌስታል ብብቷ ሥር ይዛ፣
አራተኛ ቀኗ ዳገቱን ተጉዛ፣
ከመስኮቱ ቆማለች ወይዘሮ በለጥሻቸው።
«ምንድን ነው የሚለው?»
«ባለቤቱ ይፍቀድ ነው።»
«ባለቤቴማ በኅዳር ዐረፈ» አለች፣
«በቁሙም ቢሆን ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነበር።»
ሰልፉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠ።

የማህደሩ ባለቤት ላቀው ይባል ነበር፣
ባንክ ተቀጠረና ለቀቀ በጥር፤
ስሙን ሰርዘውታል። በስሙ ፋንታ የቀረ
ረጅም ቁጥር ብቻ፣ ኤስ ብሎ የጀመረ፣
ቢጠሩት አቤት የማይል፣ ቢማልዱት የማይራራ፣
ቁልፍ እንደ ጨበጠ የተቀበረ አውራ።
ደግሞም ከላይኛው ወደ ታች የሚወርደውን
ላቀው ቆርጦት ኖሯል የፈቃድ ውርሱን፤
«ሌባ እንዳይነካው ብዬ ነው» አለኝ ስደውልለት፣
የብር መቁጠሪያ ከጀርባው እየተንጫጫበት።

ባለቤትነቱን ወደ ራሴ አዞርኩ።
እውነት እላለሁ፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል
የሞላሌ ገብስ፣ ጓሮው፣ የድንበር ድንጋዩ፣
ውርጭ የመታው ባቄላ፣ የበግ ማሰማሪያው ሁሉ
የኔ ነበር።
ማንም ግብር አልጠየቀኝም።
መልሼ ሰጠሁት፤ ለሰው አይደለም፣ ለወንበሩ፣
ትብለጥም ብትሄድ፣ ማንም ቢመጣ እንዲከፈት በሩ።
«ከወላጁ ይውረስ» ከሚል ቃል አጠገብ
ትንሽ ሳጥን አለች። ጫንኳት።

ተከፈተ።
ትብለጥ አነበበች፦
«ደምሰው ኃይለ ጊዮርጊስ እና ባለቤቱ።»
«እሺ፣ ባለቤቱ ማን?»
ወደ ታች ወረደች። ወደ ጎን ሄደች።
ሌላ ነገር የለም።
ሃያ ሦስት ዓመት። አራት ልጅ። ሁለት ጥማድ።
እና ባለቤቱ።

ይህንን እኔ አልጠግነውም። ገመድ የለውም።
«ስምዎን» አለች ትብለጥ፣ ድምጿ ቀጠነ።
ሴትዮዋ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች፤
«በለጥሻቸው» አለች፣ «በለጥሻቸው ወልደ ጻድቅ።
ጻውን በጸሎቱ ጸ ጻፊው፤
በፀሐዩ ሲጽፉት አባቴ ይቆጣ ነበር።»

ጻፈች። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች፤
እኔም፣ ውብእሸትም፣ ሰልፉም
ትንፋሻችንን ያዝን፤
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣
ዞረች፣
ገባ።